ስለ «ሻገተው ቺዝ» የጻፋችሁትን በተመለከተ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ጋዜጣችሁን ድሮ በወረቀት፣ አሁን ደሞ ልጄ በስልኳ እየከፈተችልኝ ብዙ አመት ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤ ስልክላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ታገሱኝ፣ አጭሩን እናንተ ጽፋችሁት ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

ከየክልሉ የሚመጡ አጫጭር ወሬዎች በምታወጡበት ገጽ ላይ ስድስት መስመር የማትሞላ ዜና ነበረች፣ «በድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አንድ ሱቅ የሻገተ ቺዝ ለህብረተሰቡ ሲሸጥ ተገኘ» የምትል፣ ከጎኗ ደሞ ከፌስቡክ የተወሰደ ፎቶ፣ ፀጉር ያበቀለ የሚመስል ክብ ነገር። ፎቶውን አውቀዋለሁ፣ ቺዙንም አውቀዋለሁ፣ ያረፈበትን መደርደሪያ ራሱ እኔ ነኝ የመታሁት። «ተገኘ» ምትለዋ ቃል ግን ገረመችኝ። ማን ፈልጎ አገኘው? የሱቁ ባለቤት ልጅቷ እኮ ደብቃው አደለም፣ መስታወቱ ጋ አስቀምጣው ነው፣ በመንገድ ያለፈ ሁሉ እያየው። ዜናውን የላከላችሁ ሰው ገባ ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ በስድስት መስመሩ ፋንታ ገጽ ሙሉ ታሪክ ይዞላችሁ ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር፣ ኋላ ዘመዷ ነው እንዳትሉኝ። ዘመዷ አደለሁም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። በዚ ስራ 30 አመት ሊሞላኝ ነው፣ የቤት ፍሪጅ፣ ኤሲ፣ የስጋ ቤት ፍሪዘር፣ የአይስክሬም ማሽን፣ ምናምን። ይሄ ስራ ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ፍሪጅ ጠጋኝ ከሀኪም እኩል ነው የሚፈለገው፣ ሌሊት ሁሉ በር ያንኳኳሉ። የቺዙን ክፍል የሰራሁላት እኔ ነኝ። ሂሳቤን ከፍላ ጨርሳለች፣ ስለዚ ብሬን ላስመልስ ብዬ አደለም ምጽፈው። ሌላ ምክንያት አለኝ፣ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ልጅቷ መጀመሪያ እኔ ጋ የመጣችው የዛሬ ሁለት አመት ገደማ ነው። አንድ ያረጀ ፍሪጅ በጋሪ አስጭና መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ፍሪጅ እንዳይቀዘቅዝ ያርጉልኝ» አለችኝ። እድሜ ልኬን ሰው ሁሉ «አልቀዘቀዘልኝም» እያለ ነው ሚመጣው፣ እንዳይቀዘቅዝ ያርጉልኝ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። አቦ ይቺ ልጅ ጤና የላትም እንዴ ብዬ አሰብኩ። «ስንት ዲግሪ ነው ምትፈልጊው?» ስላት «12፣ ቢበዛ 13» አለች፣ «እርጥበቱ ደሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንዳለው አየር ይሁንልኝ» አለች። ፍሪጅ እኮ 4 ዲግሪ አካባቢ እንዲሰራ ነው ሚሰራው፣ አየሩንም ያደርቀዋል፣ ሳትከድኑ የተዋችሁት እንጀራ ጠርዙ ድርቅ ሚለው ለዛ ነው። እሷ ምትፈልገው የዛን ተቃራኒ።

ለምን እንደሆነ ስታስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ቺዝ አንዴ ተሰርቶ ያለቀለት እቃ አደለም። ሳምንትም ወርም፣ አንዳንዱ አመትም ቁጭ ብሎ ያለ እሳት ይበስላል፣ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችና ኢንዛይሞች ፕሮቲኑንና ቅባቱን ቀስ እያሉ ይፈታቱታል፣ ሽታውም ጣዕሙም የሚመጣው ከዛ ነው። 4 ዲግሪ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ የድሬ ሙቀት ላይ ደሞ ያብዳሉ፣ ቺዙ ላብ በላብ ሆኖ ይበላሻል። 12 ዲግሪ ላይ በልካቸው ይሰራሉ። ፈረንሳዮች ሮክፎር የሚሉት ሰማያዊ ደም ስር ያለው ቺዝ አላቸው፣ እስከዛሬ ኮምባሉ የሚባል ተራራ ስር ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ነው ሚያበስሉት፣ ዋሻው በተፈጥሮው ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ። ድሬ ዙሪያም ዋሻ ሞልቷል፣ ፖርክ ኤፒክ አለ፣ ለገ ኦዳ አለ፣ ግን የጥንት ሰው ስዕል ስር ቺዝ አይደረደርም መቼም። ስለዚ እኔ ጋ መጣች።

ቤቱ ከዚራ ካሉት ባለ ወፍራም ግንብ የድሮ ቤቶች አንዱ ነው። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም አብራው ነው የተወለደችው፣ ያኔ ቤት የሰሩት ሰዎች ኤሲ ስላልነበራቸው ሙቀቱን በግድግዳ ነበር ሚከላከሉት፣ ዛሬ እንደምናቆመው በብሎኬትና በቆርቆሮ ሰው መጥበሻ አልነበረም። የኋለኛዋን ትንሽ ክፍል በፎም ለበጥናትና ተራ ኤሲ ገጠምንባት። ተራ ኤሲ ደሞ ከ16 ዲግሪ በታች አልወርድም ይላል፣ ሴንሰሩ ያቆመዋል። ስለዚ ሴንሰሩን መሸወድ ነው፣ አጠገቡ ትንሽ ምትሞቅ ሬዚስተር ታስርበታለህ፣ እሷ «ኧረ ገና ሞቃት ነው» እያለች ትዋሸዋለች እሱም ስራውን ይቀጥላል። መዘዙ ቱቦዎቹ በረዶ መስራት ይጀምራሉ፣ በረዶ ከሰራ አየር አያልፍም፣ ስለዚ በረዶ ሲጀምር ቀጥ ሚያደርገው ሌላ ሴንሰር ጨመርኩበት። ይሄን ስሰራ ሶስት ቀን ምሳ አልበላሁም፣ እንደዛ የወደድኩት ስራ የለም። ለእርጥበቱ ጆንያ በውሃ ነክረን ሰቀልን፣ ጫፉ ትሪ ውሃ ውስጥ ገብቶ። አየሩን ሚያንቀሳቅስ ደሞ አንድ ትንሽ ፋን፣ ይቺን ፋን አስታውሷት። መብራት ሲጠፋስ? ድሬ ላይ መብራት አይጠፋም ሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ፣ ለሱ ደሞ በግድግዳው ዙሪያ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ደረደርን፣ ወደ 200 ይሆናል፣ የሰፈር ልጆች ሃይላንድ ሲለቅሙ ሰነበቱ። ያ ሁሉ ውሃ አንዴ ከቀዘቀዘ ቶሎ አይሞቅም፣ በሩን ሰው እየከፈተ ካላስቸገረ አምስት ስድስት ሰአት ያቆየናል።

አሁን ወደ ወተቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እናንተ ቺዝ ስትሉ የሀብታም ምግብ ነው ሚመስለው። ወተቱ ሚመጣው ከደንገጎ ዳገት በላይ ካለው ሀገር ነው፣ ከሀረማያ ከአወዳይ አካባቢ፣ ሴቶቹ ማለዳ በሚኒባስና በአይሱዙ ጀሪካናቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ድሬ ከባህር በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሀረር 1900 ትጠጋለች፣ መሃላቸው 50 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ነው ግን ሌላ አገር በሉት፣ ላም የሚመቻት ላይ ነው፣ ታች ያለው የግመልና የፍየል ነው። ወተት ደሞ ሙቀት አይችልም፣ በማለዳ የታለበ ካልፈላ ወይ ካልቀዘቀዘ ድሬ ላይ ቀትር ሳይደርስ መኮምጠጥ ይጀምራል፣ ይሄን የሴቶቹ እናቶች ስለሚያውቁ ነው እቃውን በወይራ ሚያጥኑት፣ ጭሱ ያቆየዋል፣ ይጣፍጠዋልም።

እና ጾም ሲመጣ? ላም ጾም አታውቅም። ድሬ ብዙው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ገበያው እንደ ሰሜኑ ከተሞች ጭራሽ አይሞትም፣ ግን ረቡዕና አርብ ይቀዘቅዛል፣ ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱ ሻይ ቤትና ካፌ ማኪያቶ መሸጥ ያቆማል። ያኔ ነጋዴው ወተቱን በግማሽ ዋጋ ካልሰጣችሁኝ ይላቸዋል፣ እነሱም ይዘው አይመለሱ ነገር፣ መንገድ ላይ ይበላሻል። ይቺ ልጅ ግን ረቡዕም አርብም በዛው በሰኞው ዋጋ ትወስዳለች። እንዴት ቻለች? አስር ሊትር ወተት ገደማ አንድ ኪሎ ቺዝ ይወጣዋል፣ ያ አንድ ኪሎ ደሞ ሁለት ሶስት ወር ቁጭ ቢል ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አይብም ወተት ይበላል፣ አንድ ኪሎ አይብ ስምንት ሊትር አካባቢ ይፈልጋል፣ ግን አይብ ውስጡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ድሬ ላይ ሁለት ሶስት ቀን ነው እድሜው። ሁዳዴ ላይ የታለበ ወተት ለፋሲካና ለዳግማይ ትንሳኤ ሚደርሰው በቺዝ ብቻ ነው፣ እሺ በቅቤም፣ ግን ቅቤ ሲወጣ ሌላው ሁሉ አሬራ ሆኖ ይቀራል።

ሱቋን ላየ ሰው ደሞ ምንም ሚያስፈራ ነገር የለውም። አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ረጅም ቢላ። ቺዙ አራት አይነት ነው፣ አንዱን በወይራ ታጥነዋለች፣ እሱ ነው የኔ። ከጎኑ የሀረር ዳቦ፣ ማር፣ ቋንጣ፣ ከጅቡቲ ሚመጣ የወይራ ፍሬ በጨው፣ ጠዋት ጠዋት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ አይብ። ኪሎ ሚገዛ የለም፣ 100 ግራም 150 ግራም ነው፣ አንዳንዱ ለመቅመስ ብቻ ገብቶ ይወጣል እሷም አትከፋም። ከድሮ የምድር ባቡር ሰራተኞች አንድ ጡረተኛ አባት አሉ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ መጥተው በፈረንሳይኛ ነው ሚያዙት፣ እሷ ፈረንሳይኛ አትችልም፣ ግን አሁን «ኧን ፕቲ ሞርሶ» (ትንሽ ቁራሽ) ሲሉ ስንት ግራም እንደሆነ ታውቃለች።

መጀመሪያ ሰሞን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራጥሮ ነበር። ፊት ለፊቷ ጨርቅ ሚሸጡ ሀጂ አሉ፣ ገቡና «ልጄ፣ ይሄ በምንድን ነው የረጋው?» አሏት። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከጋዜጠኛችሁ በፊት እሳቸው ጠየቁ። ድሮ ቺዝ ሚረጋው ከሚጠባ ጥጃ አራተኛ ጨጓራ በሚወጣ ሬኔት በሚባል ነገር ነው፣ ጥጃው ደሞ በማን እጅ ታረደ የሚለው ለሙስሊም ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ለክርስቲያኑም እንደዛው። እሷ ምትጠቀመው ግን ከእንስሳ ሚወጣ አደለም፣ ዱቄት ነው፣ ራይዞሙኮር ሚሄይ ከሚባል ነገር ሚሰራ። ሀጂ ካርቶኑን አገላብጠው አይተው፣ በስልካቸው ለሚያምኑት ሸህ ደውለው ጠይቀው፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሆኑ። ያ ራይዞሙኮር የተባለው ነገር ምን መሰላችሁ? ሻጋታ ነው። ሀጂ ሀላል ነው ብለው በእርጋታ የተቀበሉትን ነገር እናንተ በስድስት መስመር አቃጠላችሁት።

በግመል ወተትም ሞክራ ነበር። ከባቢሌ መስመር ሚመጡ የሶማሌ እናቶች ናቸው «የላም ብቻ ለምን ትገዢያለሽ» ያሏት። አንድ ቀን ሙሉ ጠብቃ አልረጋላትም፣ ውሃ ሆኖ ቀረ። ለካ የግመል ወተት ካፓ ኬዚን ሚሉት ፕሮቲን ስለሚያንሰው በላሙ ሬኔት እንደልብ አይረጋም፣ የራሱ የግመሉ ኢንዛይም ነው ሚስማማው፣ እሱም አሁን በፋብሪካ ይሰራል ግን ይወደዳል። ሞሪታኒያ ውስጥ ናንሲ አበይደራህማን የምትባል ሴት ቲቪስኪ የሚባል የወተት ድርጅት አቋቁማ ከአርብቶ አደሮች ወተት እየገዛች የግመል ቺዝ ሰርታለች፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በዚሁ ስራዋ የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። ይቺ የኛዋ ልጅ ያቺን ሴት ስታነሳ ፊቷ ነው ሚበራው። የግመል ሀገር ላይ ቁጭ ብለን እኛስ ብላ።

እንግዲህ ሻጋታ ወዳላችሁት ልግባ።

ሁሉም ሻጋታ አንድ አደለም። የሮክፎሩ ሰማያዊ መስመር ሻጋታ ነው፣ ካማምቤር የሚባለው ሌላው የፈረንሳይ ቺዝ ነጭ ቆዳው ሻጋታ ነው፣ ሰው ሆን ብሎ ዘርቶት ነው። ጠንካራ ቺዝ ላይ ደሞ ሳይዘሩትም ቆዳው ላይ ይወጣል፣ በጨው ውሃና በብሩሽ እየተጠረገ ነው ሚያድገው፣ ቆዳው ውስጡን ይጠብቀዋል፣ ስትበላ ቆዳውን ቆርጠህ ትጥላለህ፣ አለቀ። እርጥብ ለስላሳ ነገር ላይ ግን ሌላ ነው፣ አይብ ከሻገተ ሙሉውን መድፋት ነው፣ ዳቦም ከሻገተ እንደዛው፣ ምክንያቱም ክሩ በአይን ሳይታይ ውስጥ ድረስ ይገባል። ጠንካራውን ከሻጋታው ዙሪያ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ቆርጠህ አውጥተህ ቀሪውን መብላት ይቻላል። ይሄን ልዩነት ብትጽፉት አንባቢ ምን ያህል ይጠቀም ነበር!

የኛ ሰው ቺዝ ሲባል ለምን ልስልስና ንጹህ ብቻ እንደሚመስለው ገብቶኛል። እኛ ድሬ ያደግን ልጆች ቺዝ ያወቅነው በላ ቫሽ ኪ ሪ ነው፣ ያቺ ቀይዋ የምትስቀው ላም፣ ክብ ካርቶን ውስጥ ሶስት ማዕዘን ሶስት ማዕዘን ተቆርጣ፣ በባቡሩ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ ከኒዶ ወተትና ከሽቶ ጋር ትመጣ የነበረችው። አንዷን ለሶስት እንካፈል ነበር። ፍሪጅ አትፈልግም፣ አትሻግትም፣ በዛ ሙቀት ቀፊራ ገበያ ጠረጴዛ ላይ ውላ ምንም አትሆንም። ለምን? የበሰለ ቺዝ ተፈጭቶ፣ ከልዩ ጨው ጋር በእሳት ቀልጦ፣ ትኩሱን ታሽጎ ስለሆነ ነው፣ ውስጡ ሚሰራ ነፍስ የለም። ጥሩ ነች፣ እወዳታለሁ፣ ግን ቺዝ ማለት እሷ ብቻ ከሆነች ከዛ ሌላው ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። የራሳችንስ? ጎጃም መጣጣ አይብ አለ አደል እንዴ፣ በቅመም ተሰርቶ ተብላልቶ ወራት ሚቆየው፣ እሱን ማን «ተገኘ» አለው?

ስለ ጤና ካነሳን ደሞ እኔም ሚያስፈራኝ ነገር አለ። ጥሬ ወተት ያስፈራኛል፣ ብሩሴሎሲስ ሚሉት ከከብት ወደ ሰው ሚተላለፍ በሽታ አለ፣ የሳንባ ነቀርሳ አለ፣ ድሬና ሀረር ጥሬ ወተት በጣሳ ገዝቶ እዛው ቆሞ ሚጠጣው ሰው ብዛቱ፣ እሱን ዜና አድርጎ የጻፈ አላየሁም። ይቺ ልጅ ወተቷን 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ታቆየዋለች፣ ቴርሞሜትሩን እኔ ነኝ በበረዶ ውሃ ያስተካከልኩላት። እና እውነተኛው መጥፎ ሻጋታ ቺዝ ቆዳ ላይ አደለም ያለው፣ መጋዘን ውስጥ ነው። እርጥበት ያገኘ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው የከብት መኖ)፣ እርጥብ ሳለ ጆንያ የገባ ኦቾሎኒ፣ እዛ ላይ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ይበቅልና አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሰራል፣ ላሟ ትበላዋለች፣ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም፣ አይታይም አይሸትም፣ ጉበት ነው ሚጎዳው። የዛሬ አስር አመት አካባቢ አዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ሁሉም ላይ ተገኝቷል፣ ዋናው ምንጩ የኑግ ፋጉሎ ነበር። እዚህ ምስራቅ ሀረርጌ ደሞ፣ ባቢሌ ፈዲስ፣ የኦቾሎኒ ሀገር ነው፣ ችግሩ ኦቾሎኒው ላይ እንዳለ ሚያጠኑት ሰዎች ሲናገሩት ኖረዋል። መርዙ ቺዝ ውስጥ እንዲያውም ይጠራቀማል፣ አልደብቃችሁም፣ ለዛ ነው ልጅቷ ሴቶቹን «ምን አበላችኋት?» ብላ ሳትጠይቅ ወተት ማትቀበለው፣ አንዴ ፋጉሎው ከየት እንደተገዛ ለማየት ደንገጎ ድረስ ወጥታለች። ሻጋታ መጻፍ ካማራችሁ ይኸውላችሁ ሻጋታ፣ ጋዜጠኛ ላኩና መጋዘኖቹን ይዙር።

አሁን ያን ያቆየሁትን ምክንያት ልንገራችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ረጅም ግራጫ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ፣ እሱ እሷ የምትፈልገው አይነት አልነበረም። ሙኮር ይባላል፣ ቺዝ ሰሪዎች የድመት ፀጉር ነው ሚሉት። የሚገድል ነገር አደለም፣ አንዳንድ ሀገር እንዲያውም ይተዉታል፣ ግን ያስቀይማል፣ አየር ሳይንቀሳቀስ እርጥበት ሲበዛ ነው ሚወጣው። አየሩ ለምን አልተንቀሳቀሰም? ፋኗ ቆማ ነበር። ፋኗ ለምን ቆመች? ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣኋትን ነበር የገጠምኩላት፣ አዲስ እገዛልሻለሁ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። ልጅቷ ደውላልኝ ነበር፣ «ጋሼ፣ አየሩ ከበደኝ» ብላ፣ እኔ ሳቢያን ሰፈር የአንድ ሆቴል ፍሪዘር ይዤ ነበር፣ ነገ እመጣለሁ አልኳት፣ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። በዛ መሃል ነው አንዱ ገብቶ ፎቶ ያነሳው። እሷ በጨው ውሃ ልታጥበው አውጥታ መስታወቱ ጋ ደርድራው ነበር፣ እንዲናፈስ። ይሄን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚስቴ ብቻ፣ እሷም «ጻፈው» አለችኝ።

ከዜናው በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልጨርስ። ከሚመለከተው ክፍል ሰዎች ጋዜጣችሁን በእጃቸው ይዘው መጡ፣ ሱቁ ዘጠኝ ቀን ታሸገ፣ በዘጠኙ ቀን መብራት አራት ጊዜ ጠፍቷል፣ እኔ ቁልፍ ስለሌለኝ ውጪ ቆሜ ኤሲው መነሳት አለመነሳቱን በግድግዳው ሳዳምጥ ነበር፣ ሰው እብድ ይለኝ እንደሆነ እንጃ። ሴቶቹ ወተታቸውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኙት። ሁዳዴ ነው፣ ማን ይገዛል። አንዷ ጀሪካኗን ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ላይ ስትደፋ አይቻለሁ፣ ከዛ አሸዋው ላይ ውሻ ተሰበሰበ። በአስረኛው ቀን ናሙና ተመርምሮ ምንም የለበትም ተባለና ተከፈተ፣ ስለመከፈቱ ግን የጻፈ የለም። ሀጂ ተመልሰዋል፣ የባቡሩ አባት ተመልሰዋል፣ ሌላው ሰው በመስታወቱ አይቶ ያልፋል።

እሷም ጥፋት የለባትም አልልም። ቺዞቹ ላይ ቆዳው አይበላም የሚል ወረቀት መለጠፍ ነበረባት፣ መቼ እንደተሰራም መጻፍ ነበረባት፣ ነግሬያታለሁ፣ አሁን በአማርኛ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፋ ለጥፋለች። ፋኗንም ቀይሬያለሁ፣ ሁለት አድርጌያታለሁ፣ በራሴ ወጪ። ከናንተ ምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ በዛው ገጽ ላይ፣ በዛው መጠን፣ ከነፎቶው፣ ሱቁ ተመርምሮ እንደተከፈተ ጻፉ። ስሜን አትጻፉት፣ «አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ» በሉ፣ ከዚራ ላይ ሰው ያውቀኛል።

ልጄ በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ስለምትመጣ ይሄን ደብዳቤ ይዛ ቢሯችሁ ትመጣለች፣ አንድ ቁራሽም አብሬ ልኬያለሁ፣ በወይራ የታጠነውን። በፌስታል አትጠቅልሉት ይታፈናል፣ ወረቀት ይሻለዋል፣ ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቡት ብቻ። ምትጾሙ ካላችሁ ለፋሲካ አቆዩት፣ እስከዛ ምንም አይሆንም። ቆዳው ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ደውሉልኝ፣ ስልኬን ልጄ ትሰጣችኋለች።

አክባሪያችሁ
ፍሪጅ ጠጋኙ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ